የግራው ጎማ ነገር

ፌብሩዋሪ 23

እኔ ማርኒ ሩድ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በዚህ ደብተር ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለወይዘሮ ኢንጋ ቀብር ከጋገሩት የሎሚ ኬክ አራት ቁራጭ በልቻለሁ። ለመከላከያዬ ያህል፣ ሟቿ በሕይወት ሳሉ ሎሚ አይወዱም ነበር። የቀረውን ራቅ ራቅ አድርጌ ትሪው ሙሉ እንዲመስል ደርድሬዋለሁ። እማዬ ግን መጀመሪያ ትሪውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ፓስተሩ ስለ ትንሣኤ ሲሰብኩ እኔ ስለ ፍርድ ቀን ሳስብ ቆየሁ።

ሌላው ዜና፣ ሰማያዊዋ ፒክአፕ በፊት ጎማዎቿ መጎተት ትታለች። ድሮ ማርሹን ሲቀይሩላቸው ራሳቸው ይቆለፉ ነበር። አሁን ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል እንጂ ጎማዎቹ ወሬውን አልሰሙም። አባባ ኦርቪል ይህን ሲያውቁ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "ራሱ የሚያስብ ዕቃ ራሱ ይረሳል" አሉና በእጅ የሚቆለፍ ሞዞ፣ ማለት የጎማ እምብርት፣ አዘዙ። አባባ ኦርቪል የእማዬ አባት ናቸው። የከብት ርቢው የሳቸው ነበር። በወረቀት ወደ እማዬና አባዬ ከተላለፈ ቆይቷል፤ ነገሩ እሳቸው ዘንድ ገና አልደረሰም እንጂ።

በእጅ የሚቆለፈውን ለማያውቅ ሰው (ደብተሬ፣ አንቺን ማለቴ ነው) ላስረዳ። እያንዳንዱ የፊት ጎማ አፍንጫ ላይ የማርማላታ ጣሳ ክዳን የሚያህል መዘውር አለ። ወደ ቀኝ ካዞርሽው ጎማው ከአክስሉ፣ ማለት ከሚያዞረው ዘንግ ጋር ይያያዝና የሞተሩ ጉልበት ይደርሰዋል። ወደ ግራ ከሆነ ጎማው እንደ ሠርግ እንግዳ ዝም ብሎ ይንከባለላል። እንግዲህ ወርዶ ማዞር የማን ሥራ ነው? በዚህ አገር ሹፌር ከመሪው አይወርድም። አጥር የሚከፍተውም፣ ሞዞ የሚቆልፈውም በበሩ በኩል የተቀመጠው ነው። ብልህ ሰው መሀል የሚቀመጠው ለዚህ ነው። እኔ ሁልጊዜ በሩ ጋ ነኝ።

ማርች 1

ዛሬ ገጠምን። "ገጠምን" ስል አባባ ኦርቪል አዘዙ፣ እኔ ገጠምኩ ማለቴ ነው።

ጋራዡ ውስጥ ምድጃው እስኪቀላ እንጨት አጎረሱት። ካፖርታችንን አወለቅን። በክሪክ አነሳኋት፣ ጎማውን አወረድኩ፣ የድሮውን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ተፈጭተው ፍርፋሪ ሆነዋል። አክስሉ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀለበት በፒንሳ ስላቅቅ ፈነጠረችና ምድጃው ጀርባ ገባች። አባባ ኦርቪል ለፍለጋው መነጽራቸውን ጠየቁኝ። ግንባራቸው ላይ ነው አልኳቸው። "እሱን አይደለም" አሉ። ሌላ መነጽር የላቸውም።

ቀለበቷን እኔ አገኘኋት፤ አዲሱም ልክ ብሎ ገባ። ከዚያ የግሪስ ነገር መጣ። ወረቀቱ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ ይላል፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ይህን የጻፈው ካሊፎርኒያ ውስጥ በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሰው ነው" ብለው ወረቀቱን ተቀብለው ለምድጃው ሰጡት። የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽኑን ከምንቀባበት ጥቁር በርሜል በሦስት ጣት እየዛቁ፣ ለምስጋና ቀን የቱርክ ዶሮ ሆድ እንደሚሞላ ሰው ጠቀጠቁበት። ግራው ላይ ሲደርሱ እጃቸው ላይ የተረፈውን ሁሉ እዚያው ከተቱ። ብክነት አይወዱም።

ትንንሾቹን ብሎኖች ግን ለኔ ሰጡኝ። መነጽሬ እንፋሎት ያዘው አሉ። መነጽራቸው አሁንም ግንባራቸው ላይ ነበር። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

አዞርኩ፣ ቀጭ አለ፣ ያዘ። ሁለቱም። አባዬ መጥቶ አንዴ አዟዟረና "ይሁን" አለ። አባዬ "ይሁን" ካለ ግጥም ጻፈ ማለት ነው። አባባ ኦርቪል እራት ላይ ሁለት ጊዜ አነሡት።

ማርች 8

ጊደሮቹ መውለድ ጀምረዋል። ማንም አይተኛም። ታሪክ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ጦርነቱ አልቋል።

ግን ስሚ! አባዬ ቁርስ ላይ፣ ሁሉም እየሰሙ፣ በኤፕሪል መጨረሻ ጥጆቹን በጋለ ብረት የምናትም ዕለት እኔም በፈረስ ሆኜ ገመድ እንደምወረውር ተናገረ። ጎረቤት ሁሉ በሚመጣበት ቀን! እስከ ዛሬ ድረስ መሬት ላይ ሆኜ እግር ያዥ ነበርኩ። ፊቴን ቁም ነገረኛ አድርጌ "እሺ" አልኩ። ከዚያ ጎተራ ጀርባ ሄጄ ዘለልኩ። ዶሮዎቹ አይተውኛል።

ማርች 15

አባዬ እግሩ ተሰብሯል። ሆስፒታል ነው። ጊደሯ ሞተች። ጥጃዋም። እኔ ምንም አልሆንኩም።

ሁለቱንም አዙሬያለሁ።

ማርች 16

አሁን ልጽፈው እችላለሁ መሰለኝ።

ጎህ ሲቀድ ነው። ብርዱ ጥርስ ያሳምማል። አንዲት ጊደር ላይኛው ሸለቆ ውስጥ በምጥ ተጨንቃለች፤ ከጭቃው ሰሞን በኋላ እንዲህ ሲበርድ የመጀመሪያው ነበር። እኔ አኩርፌያለሁ። ማታ ከአባዬ ጋር ስለ አንድ የትምህርት ቤት ጭፈራ ተጣልተን ነበር፤ ምክንያቱ ምንም አይረባም። ዳገቱ ሥር ስንደርስ አባዬ አቆመና "ቆልፊ" አለ። ወረድኩ። የቀኙን አዞርኩ። በፊት በኩል ዞሬ የግራውን አዞርኩ። ተመልሼ ገባሁ።

መሀል ዳገት ስንደርስ የኋላ ጎማዎቹ መቆፈር ጀመሩ፤ የፊቶቹ ምንም አላገዙ። ወደ ኋላ ተንሸራተትን። አባዬ እንደ ልማዱ በሩን ከፍቶ እግሩን አውጥቶ ወደ ኋላ አየ። እዚህ ሁሉም ሰው ወደ ኋላ የሚነዳው እንደዚያ ነው። የአጥሩ ግንድ በሩን ያዘው፣ በሩ እግሩን ያዘው። ድምፁን አልጽፍም።

ጋስ ቤት ድረስ ሮጥኩ። ጋስ ጎረቤታችን ነው፣ በሳምንት አንድ ቃል የሚናገር ሰው። በትራክተሩ መጣ፣ አባዬን አወጣን፣ እማዬ ይዛው ሄደች። ከዚያ ጋስ ፒክአፗን ከመጎተቱ በፊት ሁለቱንም መዘውር ወደ ነጻ አዞራቸው። ማንም መኪና የሚጎትት የሚያደርገው ነው። የግራው የት ላይ እንደነበር ስጠይቀው አላየሁም አለ። እጁ ያደረገውን ዓይኑ አልተከታተለም።

ስለዚህ የግራው የት ላይ እንደነበር የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ቆልፌዋለሁ።

ማርች 18

አባዬ ጄሶውን ይዞ ተመለሰ። ቅልጥሙ የተሰበረው ሁለት ቦታ ነው። ሶፋው ላይ እንደ ተሸነፈ ንጉሥ ተጋድሟል፤ ለመኝታ ሁለት ትራስ፣ ለመቆጣት አንድ ክራንች።

ጋስ ፒክአፗን ጋራዥ አስገብቶ፣ አባባ ኦርቪል ምድጃውን አንድደው፣ አንሥተው አዟዟሯት። ሁለቱም ይይዛሉ። ቀጭ፣ ቀጭ። ጋስ ገብቶ "ዕቃው ደህና ነው" አለ። ይህ የሳምንቱ ንግግሩ ነበር። ከዚያ ኮፍያውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እኔን ግን አላየም።

አባዬ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ስትመለሺ ፈጠንሽ" አለ። "ወርደሽ ስትመለሺ ፈጥነሻል። ያኔም ታስቦኝ ነበር።"

ሁለቱንም አዙሬያለሁ አልኩ።

አባባ ኦርቪልን አየኋቸው። አንድ ቃል ይናገሩልኛል ብዬ ነው። ብሎኖቹን የያዝኩት እኔ፣ ክሪኩን የረገጥኩት እኔ፣ ለአምስት ዓመት አጥር የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሾርባቸውን አማስለው አማስለው "ልጅ ይረሳል" አሉ።

ልጅ ይረሳል!

ከዚያ በኋላ ከአባባ ኦርቪል ኪስ የማይጠፋው ጥቁር የሊኮሪስ ከረሜላ አንዱ ትራሴ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ለውሻው ሰጠሁት። ውሻውም ተፋው።

ማርች 22

ፍርዱ ወጣ። ጥጆቹ በታተሙ ማግሥት ወደ አክስቴ ቨርና እሄዳለሁ፤ ግሬት ፎልስ፣ ከተማ፣ ትምህርቴን እዚያ ልጨርስ ነው። በምትኬ ልጇ ዱዌይን ይመጣል። ዱዌይን ላም መንገድ ስትዘጋበት ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው። አክስቴ ቨርና ደግሞ ምንጣፏ ላይ የመጥረጊያ ማሽኑ የሠራው መስመር እንዳይበላሽ እንግዶቿን ግድግዳ ግድግዳውን የምታስኬድ ሴት ናት።

በፈረስ ገመድ መወርወሩም ቀርቷል። በዚያ ቀን ወጥ ቤት ሆኜ የድንች ሰላጣ አዘጋጃለሁ። አባዬ ምክንያቱን እንዲህ አስቀመጠው፦ ገመድ በያዘ ሰው ላይ የሌላው ሰው ጣት ይተማመናል፤ "አዙሬያለሁ" የሚል ሳይሆን ያዞረ ሰው ያስፈልጋል።

ሳልጽፈው እንዳይቀር፦ ከዚህ ቦታ ሌላ ቦታ መኖር አልፈልግም። ትልቅ ስሆን ይህን ርቢ የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የሚያውቅ ሁሉ መስሎኝ ነበር።

ማርች 30

የማልታመነው እኔ ዛሬ ያደረግሁት፦ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። በትራክተር ድርቆሽ አወጣሁ። አንድ ጥጃ በሰንሰለት ሳብኩ፤ እግሩ ወጣ፣ ምላሱ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ በገለባ አፍንጫውን ኮረኮርኩት፣ አስነጠሰ፣ ተረፈ። ትምህርት ቤት ሄድኩ። ተመለስኩ። ሌላ ጥጃ። አባዬ ከሶፋው ላይ በመስኮት እያየ በክራንቹ መስታወቱን ይመታል፤ አንድ ጊዜ መምታት ወደ ግራ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ሶስት ጊዜ ሲመታ ገብቼ ትርጉሙ ምንድን ነው አልኩት።

"ሶስት ጊዜማ ቡና አምጪ ነው" አለ።

ልስቅ ነበር። እሱም ሊስቅ ነበር። ሁለታችንም አስታወስንና ተውነው።

ሰማያዊዋ በሯ እስኪጠገን ጋራዥ ቆማለች። ባለፍኩ ቁጥር አላያትም።

ኤፕሪል 6

የቀኙን አዞርኩ። በፊት በኩል ሄድኩ። በረዶው ቀጭ ቀጭ ይላል። የግራውን ያዝኩ፣ አዞርኩ። ቀጭ አለ።

በረዶው ነው ቀጭ ያለው ወይስ መዘውሩ?

ባለጆሮ ኮፍያዬን አድርጌ ነበር። በዚያ ኮፍያ የእማዬ ጩኸት ራሱ አይሰማም።

አዙሬዋለሁ። ጓንቴን አውልቄ እንደነበርና ብረቱ ጣቴ ላይ እንደተጣበቀ አስታውሳለሁ። ግን እሱ የቀኙ ሊሆን ይችላል።

ይህን ገጽ እቀደዋለሁ።

ኤፕሪል 12

አልቀደድኩትም። ምክንያቱም ዛሬ እንዲህ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ገብቼ ጭቃ ቦቴን እያወለቅሁ ነበር። እማዬና አባዬ ወጥ ቤት ናቸው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አባዬ የሚናገረው ሰው ሲደክመው በሚናገረው ድምፅ ነው።

"ወይ ልጅቷ ረስታለች፣ ወይ አባትሽ መግጠም አቅቷቸዋል። ሦስተኛ የለም ጆሊን።"

እማዬ ሳህን ማጠብ አቆመች። "አባቴ ናቸው ካልን ምን ይሆናል?"

"መኪና አይነኩም። ቁልፉን እወስዳለሁ። ከዚያ ስለዚያ ሉዊስታውን ስላለው የሽማግሌዎች ቤት መነጋገር አለብን። እጃቸውን አይተሻል።"

"እዚያ ቢገቡ አንድ ክረምት አይቆዩም።"

የአባዬ ክራንች ወለሉን አንዴ መታ።

"በማርኒ ይለፍ" አለች እናቴ። "ልጅ ናት። ትችለዋለች።"

የውኃው ድምፅ ተመለሰ። አንድ ቦት አውልቄ፣ አንዱን እንዳጠለቅሁ ወጣሁ። በአንድ ካልሲ ጭቃው ውስጥ እስከ ጎተራው ሄድኩ።

ኤፕሪል 13

ትችለዋለች!

ድልድይ ነኝ እንዴ? ሚዛን ነኝ እንዴ፣ ስንት ኩንታል እንደምችል የሚጻፍብኝ? አንድ ወር ሙሉ አንሶላ ውስጥ ገብቼ የራሴን እጅ ስመረምር፣ እነሱ ሾርባ እየጠጡ ማን እንደሚሸከመው ይመርጡ ነበር! አናውቅም ቢሉ ይሻል ነበር። የሚያሳርረኝ ሳያውቁ እንዳወቁ ሆነው መወሰናቸው ነው። ከዚያ ደግሞ ስለ መታመን ይነግሩኛል! አባዬ፣ በዚያ በክራንቹ እየጠቆመ!

እማዬ ዛሬ ለከተማ የሚሆን ቦት ጫማ ገዝታ አልጋዬ ላይ አስቀምጣለች። ቆንጆ ነው። ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ገፋሁት።

በጣም ያናደደኝ ምን እንደሆነ ልናገር? አባባ ኦርቪል ሽማግሌዎች ቤት ሲገቡ ማሰብ እኔም አልችልም። እዚያ የሚያዙት ሰው አያገኙም። መስኮቱን ለመክፈት ፈቃድ ይጠይቃሉ። እኔም ብሆን "በማርኒ ይለፍ" ልል እችል ነበር። ግን እኔ ልለው! እኔን ጠይቀውኝ እኔ ልለው!

ኤፕሪል 19

ጋስ የፒክአፗን በር አቃንቶ ገጠመልን፤ ውጭ ቆማለች። በፊት ጎማዎቿ ግን ማንም አልሞከራትም። ምድሩ ደርቋል፣ ሣሩ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ ሸሚዝ ብቻ ነው። አባባ ኦርቪል ገመዴን በቅባት ሲያሹ አየኋቸው። ማን ይወረውረዋል ብለው ነው? አልጠየቅሁም።  ጎን ለጎን ስንሠራ ውለን የተባባልነው "አቀብይኝ" እና "ይኸው" ብቻ ነው። ድሮ እኮ አፋችን አያርፍም ነበር። የፓስተሩን አስነጣጠስ አስመስልላቸው ነበር፤ እሳቸው ጥርሳቸውን አውልቀው ይስቁ ነበር።

ኤፕሪል 24

ሞንታና እንደ ልማዷ ቃሏን አጥፋለች። ትናንት ሸሚዝ፣ ዛሬ በረዶ። የከብቶቹ ውኃ መጠጫ ገንዳ በረዶ ሠርቷል። ነገ የኔ ሥራ ወጥ ቤት ነው፤ ከነገ ወዲያ ጥጆቹ ይታተማሉ፤ ከዚያ አክስቴ ቨርና።

አባዬ ለዕለቱ የበረቱን በር ማጠፊያ ግሪስ ቀቢ አለኝ። ከጥቁሩ በርሜል ለመዛቅ የእንጨት ማንኪያውን ሳብኩ። አልወጣም። ሁለት እጄን አደረግሁ፤ በርሜሉ ራሱ ተነሥቶ መጣ እንጂ ማንኪያው አልተነቃነቀም። ሰም ሆኗል። ከሰምም የቤተ ክርስቲያን ጧፍ።

ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ያንን ምድጃ አሰብኩት። ስንገጥም ምድጃው ይነድ ነበር። ጋስ ሲሞክራት ምድጃው ይነድ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ዳገቱ ላይ ምድጃ አልነበረም።

ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ሌሊቱን ውጭ ታድራለች። ነገ ጠዋት አያታለሁ።

ኤፕሪል 25

የምጽፈው ግልብጥ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው፣ በግራው ጎማ አጠገብ። ጣቶቼ አይታዘዙም፣ ጽሕፈቱን ይቅር በይኝ።

ሳይነጋ ወጣሁ። በክሪክ አነሳኋት። ማርሹን በአራት ጎማ አደረግሁ። የቀኙን ቆለፍኩና ጎማውን በእጄ ገፋሁ፤ ከአክስሉ ጋር ተያይዞ ይከብዳል። የግራውን ቆለፍኩ። መዘውሩ ዞረ፣ ቀስቷ "ቁልፍ" ላይ ናት፣ በዓይኔ አየሁ። ጎማውን ገፋሁት። ዞረ። ዝም ብሎ ዞረ፣ በአንድ ጣት፣ እንደ ሠርግ እንግዳ። አንዱ ካልያዘ ደግሞ የሌላኛው መያዝ ዋጋ የለውም፤ ጉልበቱ ሁሉ ባልተያዘው በኩል ይፈስሳል።

አዙሬዋለሁ። በዚያ ጠዋት አዙሬዋለሁ፣ አዙሬዋለሁ፣ አዙሬዋለሁ።

ብሎኖቹን ፈትቼ ክዳኑን ሳላቅቅ ውስጡ ጥቁር ጧፍ ነው። መዘውሩ ሲዞር ወደ ውስጥ ተንሸራትታ አክስሉን መያዝ የነበረባት ባለጥርስ ቀለበት መሀሉ ላይ ተቀብራ ቀርታለች። በካቻቢቴ ወጋሁት፣ አልገባም።

አባዬን ልጠራ ተነሣሁ። ያኔ አባባ ኦርቪል ከኋላዬ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

"ምን አገኘሽ?" አሉ፣ ያገኘሁትን እያዩት።

"የርስዎን የቱርክ ዶሮ" አልኩ።

አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ጫኑበት። ጣታቸው አልሰመጠም።

"ገና ያኔ ጠርጥሬ ነበር" አሉ። "ጋስ ደህና ነው ሲል ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ እወቂው።"

"ልጅ ይረሳል አሉ።"

"ብያለሁ።"

"እኔ አልረሳሁም።"

"አልረሳሽም።"

ይህን ቃል ወር ሙሉ ስጠብቀው ነበር። መጣ፣ አላሞቀኝም። ይልቅ ተናደድኩ። የሰማሁትን ሁሉ አወጣሁት፤ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ቤት፣ እማዬ ምን እንዳለች። "ልጅ ናት፣ ትችለዋለች" የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ፤ በቃ እንደማለት። የሰው ፊት ባንድ ጊዜ እንደዚያ ሲያረጅ አይቼ አላውቅም። እሳቸው የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። አያውቁም። ልጃቸው እሳቸውን በኔ እንደሸፈነች አያውቁም ነበር።

ቢላቸውን አውጥተው ከውስጡ አንድ ጉብታ ቆርጠው መዳፋቸው ላይ አኖሩት።

"እኔ ልንገረው" አልኩ። "የኔ ነገር ነው።"

"አንቺ ከነገርሽው ክስ ነው" አሉ። "እኔ ስነግረው ዜና ይሆናል። አባትሽ ዌንደል ዜና ይወዳል።"

"ቁልፉን ይወስድብዎታል።"

"ሊወስድ ይችላል" አሉ። "የቀረውን እዚያው እንዳለ ተይው። እንዳትነኪው።" ኮፍያ ሳያደርጉ ሄዱ።

አሁን እየሄዱ ነው። ቀስ ብለው። መቼም የሳቸው ወሬ ከኮሪያ ጦርነት ሳይጀምር ወደ ዛሬ አይደርስም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ኮረብታውን ወጥታለች፣ የጎተራው ጣሪያ በርቷል። ግሪሱ ከለሰለሰ ሁሉም ነገር እንደገና "ዕቃው ደህና ነው" ይሆናል። ብርሃኑ የፒክአፗ የፊት መከላከያ ላይ ደረሰ። ባልዲውን አዙሬ ጥላዬ ሞዞው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አባዬ በክራንቹ በረንዳው ላይ ወጣ። አባባ ኦርቪል ደረጃው ሥር ቆመው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ይናገራሉ። አይሰማኝም። እማዬ በሩ ላይ ናት፣ ፎጣ ይዛ። አባዬ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ከዚያ በሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ የተፈታውን ጎማና እኔን አየ።

"ማርኒ" አለ። አልጮኸም።

ደግሞ ጠራኝ። "ማርኒ።"

ሰምቻለሁ። ብነሣ ፀሐይዋ ግሪሱን ታገኘዋለች። እሱ ይምጣ።